ሙቱ ጫፍ

ባሌ ኮንግ ቤቱ ሳያድር በቀረ በማግስቱ፣ የፎርማኑ መገናኛ ሬዲዮ ስለ አንድ ሙት መቀበር ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ።

የቁርስ ሰዓት ነበር። እኔ የድልድይ ፕሮጀክቱ ክበብ ምግብ አብሳይ ነኝ። ድልድዩ ከጋምቤላ ከተማ ወረድ ብሎ፣ በኢታንግ አቅጣጫ፣ ባሮ ላይ የሚሠራ ነው። ፎርማኑ ወንዶሰን እንደ ልማዱ ሬዲዮውን ከፉል ሳህኑ አጠገብ አቁሞ ይበላል። ሬዲዮው ሲንሾካሾክ ቆየና የኢንጂነር ጸጋአብ ድምፅ መጣ።

«የግራው ሙት ተቀብሯል?»

«ተቀብሯል ኢንጂነር፤ ትናንት ኮንክሪት ሞልተንበታል» አለ ከወንዙ ዳር አንድ ሰው።

«ጎሽ። ውጭ ላይ ምንም የሚታይ ነገር እንዳይኖር። የቀኙን ሙት ነገ ጠዋት እንቀብራለን። ሕያዎቹን ኮንክሪቱ ሲጠና እንስባቸዋለን።»

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትቼ ወደ ጠረጴዛው ቀረብኩ። ማን ነው የሞተው ብዬ ወንዶሰንን ጠየቅኩት። ሬዲዮውን ዘጋውና የሥራ ነገር ነው አለኝ። እሺ፣ ኮንግስ የት ነው አልኩት። ጉርሻው አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ። ፈቃድ የወሰደ መሰለኝ አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስንቴ ሽንት ቤት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው መሰለኝ አለ። ከዚያ ፉሉን አጋምሶ ተነሳና ወጣ። ወንዶሰን ፉል ትቶ ሲነሳ አይቼ አላውቅም።

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። አባቴ ከወሎ በሰፈራ ወደዚህ አገር ሲመጣ እኔ ገና በጀርባ የምታዘል ልጅ ነበርኩ። መኪናው ላይ የጫናቸው ሰውዬ «ቅርብ ነው፣ ደርሰናል» እያለ ነው አሉ ያን ሁሉ አገር ያሳለፋቸው። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሰው ቃል አምኖ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ አሳደገኝ፤ እኔም አደግሁበት።

ኮንግንም ያገባሁት እየጠረጠርኩ ነው። እሱ ኑዌር፣ እኔ የሰፋሪ ልጅ። የእኔ ዘመዶች አንድ ቀን ወገኑን ተከትሎ ጥሎሽ ይሄዳል አሉኝ። የእሱ ዘመዶች ደግሞ ከብት ያልተሰጠባት ሴት ምን ሚስት ትባላለች አሉት። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ልጅ ባይኖረንም ግን እንደ ሰው ኖርን፤ ኮንግ አንድም ቀን ሳይነግረኝ ውጭ አድሮ አያውቅም። ልቤን ያሸበረውም ይኸው ነው።

ድልድዩን ደግሞ ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ድልድይ ሲሠራ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ተደርድሮለት ነው የማውቀው። ባሮ ግን ክረምት ሲሞላ ድጋፍ አይምርም፤ ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ይሄኛውን በአየር ላይ ነው የሚሠሩት። መሀል ወንዝ ላይ ከቆመው ምሰሶ አናት ይጀምሩና ወደ ሁለቱም ወገን እኩል እኩል ያስረዝሙታል፤ በትከሻው ዘንግ አጋድሞ ግራና ቀኝ ጀሪካን እንዳንጠለጠለ ሰው። አንድ ቁራጭ ኮንክሪት ይሞላሉ፣ ይጠናል፣ ከዚያ በውስጡ ባለው ቱቦ የብረት ገመድ ያሳልፉና በጃክ ወጥረው አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጋር ያጣብቁታል። እንዲህ እያለ ከወዲህም ከወዲያም ይመጣና ዳር ይደርሳል።

ኢንጂነር ጸጋአብ ምሳ ላይ ማስረዳት ይወዳል። ኮንክሪት ቢጫኑት ተራራ ይሸከማል፣ ቢስቡት ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጭነት መጥቶ ሳይስበው በፊት እኛ ቀድመን በገመድ እናምቀዋለን ይላል። አንድ ቀን የድልድዩ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ማለቱን አይቼ፣ ጠማማ ሠራችሁት እኮ አልኩት። ሳቀብኝ። አውቀን ነው እትዬ ሺታዬ፣ ክብደቱ ሲመጣበት ዝቅ ብሎ ይስተካከላል አለኝ። አውቆ ጠማማ የሚሠራን ሰው እንዴት አድርጌ ልመነው?

ኮንግ እዚያ ፌራዮ ነው፤ ብረት ያስራል። ድልድዩ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት የዳርቻ ግድግዳ በጣም ወፍራም ነው፤ ውስጡ ብረት በብረት ላይ ተጠላልፎ ሰው እንደልብ አያሳልፍም። ኮንግ ቀጭን ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚላከው እሱ ነው። ሹልክ ብሎ ይገባና በማሰሪያ ሽቦ ያጠባብቃል፤ እስኪወጣ ድረስ እግሩ እንኳ ከውጭ አይታይም። የጠፋ ዕለት ጠዋት እዚያ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ በግራ በኩል ኮንክሪት ተሞላ። ሲወጣ ያየው ሰው እንዳለ ብጠይቅ፣ አንዱ አይቼዋለሁ አለኝ፣ አንዱ አላየሁም አለኝ፣ ሌላው ወንዶሰንን ጠይቂ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ነገሩን ሳገላብጠው ሁሉም አንድ ቦታ ወሰደኝ። ሙቱ ተቀብሯል። ምንም እንዳይታይ። ነገ ደግሞ ሌላ ሙት አለ፤ እሱስ ማን ነው? ሕያዎቹን እንስባቸዋለን ማለትስ ወዴት ነው የሚስቧቸው? ትልቅ ድልድይ ሰው ካልበላ አይቆምም ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ያኔ ስቄበት ነበር።

የምሳውን ወጥ ለረዳቴ ትቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ካሳፎርማው፣ ኮንክሪቱ የሚሞላበት የእንጨት ሳጥን፣ ገና አልተነሳም። እጄን እንጨቱ ላይ ጫንኩ። ይሞቃል። ጠዋት ነው፣ ቦታው ጥላ ነው፣ እንጨቱ ግን ይሞቃል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የወንዙ ድምፅ ይሁን የእኔ ደም አልለየሁትም። ዘበኛው መጥቶ እዚህ መቆም ክልክል ነው ብሎ አባረረኝ። ለምን ይከለከላል?

ከዚያ በቀጥታ ወደ ከተማ፣ ወደ ኛቾል ሄድኩ። ኛቾል የኮንግ ታላቅ እህት ናት። ገበያ ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች፤ በቤተክርስቲያናቸው ደግሞ ሲዘመር ከበሮ የምትመታው እሷ ናት፤ ድምፅዋ ከከበሮው ይበልጣል። ማሌ ብዬ ሰላም አልኳትና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ዓሣውን መፋቋን አላቆመችም።

ኮንግ ይመጣል አለችኝ። ከየት ብዬ ጠየቅኳት። ይመጣል፣ ቤትሽ ሄደሽ ቁጭ በይ አለች። አማርኛው አልገባት ይሆናል ብዬ ሙት ማለት ምን እንደሆነ፣ መቀበር ማለት ምን እንደሆነ እንደገና በቀስታ አስረዳኋት። ያኔ ቢላዋው ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና፣ አይደለም፣ ኮንግ አልሞተም አለች። በምን አወቅሽ ስላት ልቤ ያውቃል አለች። ልብ ግድግዳ ውስጥ ያያል እንዴ? የወንድሟ ነገር እንዲህ ቀለላት ብዬ ተናድጄ ተነሳሁ።

በአጠገቧ ያሉት ዓሣ ሻጮች ግን ሰምተውናል። እኔ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ከተማውን ዞረ። ማምሻውን የአክስቴ ልጅ ልታጽናናኝ መጥታ ያንኑ ወሬ መልሳ ስትነግረኝ፣ ግድግዳው ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ተቀብሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ፊት መሬት ላይ ተቀመጥን። የእኔ ወገን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የኮንግ ወገን ሴቶችም መጡ። በሠርጌ ቀን እንኳ በየዳሩ ተለያይተው የተቀመጡ ሰዎች ያን ቀን አንድ ላይ ተቀመጡ። ኛቾልም መጣች፤ ከሁሉም ራቅ ብላ ዳር ላይ ተቀመጠች። የኮንክሪት መኪናው ሆዱን እያዞረ ደረሰና ፊታችን ቆመ። ወንዶሰን እኔን ሲያይ ከመኪናው ጀርባ ተሰወረ።

ኢንጂነር ጸጋአብ እየሮጠ መጣ። ገና ልጅ እግር ነው፣ የጋምቤላ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል። ምን ሆናችሁ ነው እናቶቼ፣ ኮንክሪቱ መኪናው ላይ ሊጠናብኝ ነው አለ።

«የቀበራችሁትን ሙት አውጡልኝ» አልኩት።

«የግራውን?»

«የግራውን።»

«እሱማ አይወጣም እትዬ ሺታዬ» አለ፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። «ሙቱ ከወጣ እኮ ድልድዩ ይወድቃል። ድልድዩን አንቆ የያዘው እሱ ነው።»

ሴቶቹ ዋይታውን አቀለጡት። አንዷ መሬት ላይ ተዘረረች። ኢንጂነሩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አንጸባራቂ ሰደርያውን ጨምድጄ ያዝኩት። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው፤ ያን ቀን አንተ አልኩት።

«ስሙን ንገረኝ።»

«የማንን ስም?»

«የሙቱን።»

«ስም የለውም፤ ቁጥር ነው የሰጠነው» አለኝ።

ይህን ሲል የኮንግ የአጎት ሚስት ድንጋይ አነሳች። ኢንጂነሩ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ከዚያ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ቀለሙ ሲገፈፍ አየሁት። በመጨረሻ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሙት ያልነው ሰው አይደለም አለ። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ግድግዳው ቀኝ ወሰደኝ፤ ሴቶቹም ተከተሉን።

የቀኙ ወገን ገና አልተሞላም። ብረቶቹ መሀል የድልድዩ ገመዶች ከቱቧቸው ወጥተው ይታያሉ፤ የእያንዳንዱ ጫፍ ተፈትቶ ሽቦዎቹ ተበትነዋል፣ ጉብ ብለው የሽንኩርት ራስ መስለዋል። ይሄ ጫፍ ኮንክሪት ውስጥ ይቀበራል አለን፤ ነክሶ ይይዛል እንጂ ማንም አይስበውም፣ ማንም ተመልሶ አያየውም፤ ስለዚህ ሙት ጫፍ ይባላል። ያኛው ጫፍ በድልድዩ ላይ ከውጭ ይቀራል፤ ጃኩ የሚስበው እሱን ነው፤ ሕያው ጫፍ። በፊት በእንግሊዝኛው ነበር የምንጠራው አለ። ሠራተኛው ግን ኑዌር አለ፣ አኙዋክ አለ፣ ደገኛ አለ፤ ሁሉም የፈረንጁን ቃል በየመልኩ እያጣመመ ሙቱን በሕያው ቦታ ሊያስገቡብኝ ሆነ። ለሁሉም በሚገባ በአማርኛ ይሁን ብዬ እኔ ነኝ ስም ያወጣሁት አለ። ከዚያ በሬዲዮ ሲነጋገሩ ረዘመባቸውና ጫፍ የሚለውን ጣሉት። ሙትና ሕያው ቀረ።

እሺ፣ ግድግዳው ለምን ይሞቃል አልኩት። ሲሚንቶ ሲጠና ከራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ይብሳል አለ። ለዚህም መልስ ነበረው።

መጀመሪያ የሳቀችው የአክስቴ ልጅ ናት። «ወይ ጉድ፣ ሽንኩርት ነው ያስለቀሰን» አለች። ይህ ወደ ኑዌርኛ ሲተረጎም የኮንግ ዘመዶችም ሳቁ። ድንጋይ ያነሳችው ሴትዮ ድንጋዩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። የተዘረረችው ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

እኔ አልሳቅኩም። የቀኙ ባዶ ስለሆነ የግራውም ባዶ ነበር ማለት አይደለም አልኩ። ኢንጂነሩ ተናደደ፤ ግን ስልኩን አውጥቶ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የተነሳውን ፎቶ አሳየኝ። ሁሌም ሳይነሳ አይሞላም አለ። ግራው ወገን ባዶ ነው፤ ብረትና ሽንኩርት ብቻ። ከውጭ በኩል፣ ካሳፎርማው አጠገብ፣ ኮንግ ቆሟል። ባሌ፣ በሕይወቱ፣ በሁለት እግሩ። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል።

ያ ሸሚዝ የእሁድ ሸሚዙ ነው። እኔ ነኝ የተኮስኩት። ፌራዮ ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ነጭ ሸሚዝ አይለብስም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ በሥራ ልብሱ ነበር፤ እንግዲህ ሸሚዙን በላስቲክ ጠቅልሎ ከእኔ ሸሽጎ ነው ይዞት የወጣው።

ሴቶቹ እንኳን ደስ አለሽ እያሉ ሳሙኝ። ደስ አላለኝም። ባሌ ግድግዳው ውስጥ ከሌለ በገዛ እግሩ ነው የሄደው ማለት ነው። የሞተ ባል ሚስቱን ከዳ አይባልም። ለአፍታ፣ ያን ነጭ ሸሚዝ እያየሁ፣ ምነው እዚያው ግድግዳ ውስጥ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ያሳፍራል፤ ግን ተመኝቻለሁ።

ሴቶቹ ተበታትነው መኪናው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ፣ ኛቾል ብቻዋን እዚያው ዳር እንደተቀመጠች አየኋት። ያን ሁሉ ዋይታ ስናሰማ እሷ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በሳቁም ጊዜ አልሳቀችም። ያኔ ገባኝ። መጠርጠሬ ልክ ነበር፤ የጠረጠርኩት ነገር ነው የተሳሳተው።

«አንቺ አላለቀስሽም» አልኳት አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

«ውሸት ማልቀስ እኔ አልችልም» አለች።

«የት ነው ያለው?»

መሬቱን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። «ጀዊ ነው ያለው» አለች።

ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እያቆመች እየቀጠለች ሁሉንም ነገረችኝ። ከድንበር ማዶ የሚኖረው ታላቅ ወንድማቸው ሉዋል ጦርነት ሲሸሽ መንገድ ላይ ሞቷል። ሚስቱ ኛጉዋ ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ አሁን በቅርቡ ጀዊ የስደተኞች ጣቢያ ገብታለች። ሽማግሌዎቹ ኮንግን ጠርተው ነገሩት፤ እሱም ሄደ። ወንዶሰን ፈቃድ ሰጥቶታል፤ ለሚስቴ እኔው እስክነግራት ዝም በል ብሎ ስላስማለው ነው ፉሉን ትቶ የሸሸው።

«ሉዋል ሞተ» አለች ኛቾል። «ወንድም አለ። ወንድም ይገባል።»

ይገባል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አላጣውም። በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ሚስቱ የሌላ ሰው ሚስት አትሆንም። የሞተው ባሏ እንደሆነ ይቀራል፤ ወንድሙ በእሱ ስም ቤቱ ይገባል፤ የሚወለደውም ልጅ በሞተው ይጠራል። ፓስተራቸው ይህን ልማድ አይወደውም፤ ከፓስተሩም ደብቀውታል። ለኛጉዋ ከብት ተሰጥቷል፤ ለእኔ አልተሰጠም። በእነሱ አቆጣጠር ከሄድን ከእኔ ይልቅ እሷ ሚስት ናት። ይህን ሳስብ ደሜ ፈላ። ተነሽ፣ ውሰጂኝ አልኳት።

ጀዊ ሩቅ አይደለም። በሚኒባስ የሚደረስበት፣ ሰው ቁርሱን ከተማ በልቶ ሥራ የሚገባበት ቦታ ነው። እኔ ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሬሳ ሳዳምጥ ባሌ እዚህ ነበር።

ኮንግ ጣሪያ ላይ ነበር። ከቀርከሃና ከላስቲክ ጎጆ እየሠራ፣ ቀርከሃውን በፌራዮ አስተሳሰር በሽቦ እየጠመጠመ። ነጩ ሸሚዝ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ሲያየኝ ከላይ ወረደ፤ ዘሎ አይደለም፣ ቀስ ብሎ፣ መድረስ እንደማይፈልግ ሰው። ኛጉዋ ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ አጥንቷ ወጥቷል፣ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ማን እንደሆንኩ ማንም አልነገራትም፤ ግን ልጅቷን አቅፋ ተነሳችና የተቀመጠችበትን ጀሪካን ለእኔ ገፋ አደረገችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሚስትህ ናት?» አልኩት።

«የሉዋል ሚስት ናት።»

«ሉዋል ሞቷል።»

«ቢሞትም የእሱ ናት።»

«ልጅ ብትወልድስ?»

«የሉዋል ልጅ ነው። የእኔ አይደለም» አለኝ። ሊያጽናናኝ መስሎት በለሆሳስ ነው የተናገረው። ልጅ ተመኝተን ላጣን ሰዎች ይህ ማጽናኛ መሆኑ ነው። ለምን ሳትነግረኝ አልኩት። ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር አለኝ። አልልም ነበር አልኩት። ለዚህ ነው አለ።

ያኔ ግድግዳውን ነገርኩት። ሬዲዮውን፣ የእንጨቱን ሙቀት፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ የእኔና የእሱ ዘመዶች አንድ ላይ ተቀምጠው እንዳለቀሱለት ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ይህን ያህል ይሆናል ብሎ አላሰበም። አላሰበም ስል አምኜው አይደለም፤ ፊቱን ስላየሁት ነው።

«ዛሬ ጠዋት ባልቴት ነበርኩ ኮንግ» አልኩት። «እንዳንተ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን አትቀርም። ለእኔ ማን ሊገባልኝ ነበር? ሉዋል የለም። ሌላ ወንድም የለህም። ለሞተው ወንድምህ አሰብክ፤ አንተ ብትሞት ለእኔ ማን እንዳለኝ አንድ ቀን አስበህ ታውቃለህ?»

ወደ ኛቾል ዞረ፤ እሷም አላዳነችውም።

ኛጉዋ አንድ ነገር ጠየቀችው። አማርኛ አታውቅም፤ ምን አለች የሚል መሆኑ ግን ከፊቷ ይገባል። ተርጉምላት አልኩት። በሁለት ቃል ተረጎመላት። ያን ሁሉ በሁለት ቃል ጨረሰው፤ ስለዚህ አላመንኩትምና ኛቾልን አንቺ ተርጉሚ፣ አንድ ነገር እንዳታስቀሪ አልኳት። ኛቾል ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ግድግዳው ጋ ስትደርስ በእጇ ወፍራምነቱን አሳየቻት። ኛጉዋ ልጅቷን እንዳቀፈች፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል አዳመጠች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ነገር ተናገረች። ኛቾል ለመተርጎም ዘገየች።

«ምን አለች?» አልኳት። ስድብ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ታድላለች አለች» አለች ኛቾል። «አንቺ ግድግዳ ነበረሽ። ግድግዳው ፊት ተቀምጠሽ አለቀስሽ። እሷ ሉዋል የት እንደወደቀ አታውቅም። ተቀምጣ የምታለቅስበት ቦታ የላትም።»

ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ጠዋት ሽንኩርቱ ያቋረጠብኝ ልቅሶ እንዳለ ነበር። ሉዋልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ረጅም ነበር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። አባቴ ሙሾ የምታወርድ እናት ነበረችው፤ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፤ ረጅሙ ሰውዬ፣ አፍህን ሸፍነህ የምትስቀው ብዬ አወረድኩለት። ኛጉዋ ቃሉን አታውቅም፤ ስሙን ግን ለየችው። ሉዋል ባልኩ ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ እሷም በራሷ ቋንቋ ጀመረች፣ ኛቾልም ተቀበለቻት። ከጎረቤት ጎጆዎች ሴቶች እየወጡ መጡ። ኮንግ ቀርከሃውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ማንም ተቀመጥ አላለውም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ተነሳሁ። ልጅቷ ነቅታ ቀሚሴን ታያለች። ኮንግን ጎጆውን ጨርስላት አልኩት። ምግብም አምጣላት፣ ወንድም ነህ። ማታ ግን ቤትህ ትገባለህ። ሁለተኛ ጠፍተህ ብትቀር አልፈልግህም፤ አንዴ አልቅሼልሃለሁ አልኩት።

ማታ መጣ። ራት አቀረብኩለትና በላ። ከኛጉዋ ጋር የሆነውን ልትጠይቀኝ ነው ብሎ እየጠበቀ እንደሆነ ከአበላሉ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን አልጠየቅኩትም፤ ምንም ቢለኝ አላምነውም።